የፒያሳ የቤተሰብ ሙያዎችና መልሶ ማልማት

በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ፒያሳ ስሙን ያገኘው አደባባይ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፉ ከቆዩ ሙያዎች መካከል በተለይ በወርቅና በብር ሥራ ይታወቃል። አንጥረኛው፣ ፈርጥ የሚገጥመው፣ የሚወለውለውና የሚሸጠው ተቀራርበው መሥራታቸው ለሙያው መሠረት ነው።

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ንብረት ከሆኑ ወዲህ በርካታ ቤተሰቦች ሙያቸውን በኪራይ ቤት ሲያካሂዱ ቆይተዋል።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው፣ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛውረዋል።

በኋላ የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረት ካሳ በተጨማሪ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳ እንዲኖር ደንግጓል። ይሁንና የካሳ ስሌት በዋናነት በቤትና በይዞታ ላይ ስለሚያተኩር፣ ባለሙያው በዓመታት ያፈራው ደንበኛና የሥራ ጉርብትና በገንዘብ ለመገመት አዳጋች ነው።

በመሆኑም በተነሺዎች ምዝገባ ወቅት የቤተሰቡ ሙያ አብሮ ቢመዘገብና ተያያዥ ሙያ ያላቸው በአንድ አካባቢ ምትክ የመሥሪያ ቦታ ቢያገኙ፣ ሙያው ለተተኪው ትውልድ የመተላለፍ ዕድሉ ይሰፋል።