በር ዘግቶ የሚያጠና

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዩሪ ትሪስማን የሚባል ሰው በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር ከነከነው። ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን ይወድቃሉ? መምህራኑን ሲጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነበር፤ ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም፣ ድሆች ናቸው። የእኛም አገር መምህራን ሻይ ሲጠጡ ከዚህ የተለየ አይወራም። ትሪስማን ግን ሃያ ጥቁሮችንና ሃያ ቻይና አሜሪካውያንን መርጦ እንዴት እንደሚያጠኑ ለማየት ተከተላቸው። ቻይናዎቹ ተሰብስበው ያጠናሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሌት ያርማል። ጥቁሮቹ በአብዛኛው በር ዘግተው ለየብቻ ይለፋሉ። ስንፍና የት አለ? ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን በጋራ የሚሠሩበት መድረክ ሲያዘጋጅላቸው ውጤታቸው ተሻሻለ። ጽሑፉ በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። ቅጸላ ታዲያ ምንድን ነው? መምህሩ የነገረውን ተማሪ ከጓደኛው ጋር እየተመላለሰበት ካላበሰለው ትምህርት አልተባለም።

አሁን ከኖፓ ተነስቶ መቱ ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ልጅ እናስብ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ተማረ። ዘጠነኛ ሲደርስ ያው ሒሳብ እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀው። ታላላቆቹ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፕላዝማ የሚሉት አስተማሪ መጥቶባቸው ነበር፤ እጅህን ብታወጣ አያይህ፣ መብራት ከሄደ አብሮ የሚሄድ። በዚያ ላይ ትምህርቱ ገና ሞቅ ሲል የቡና ለቀማው ይደርሳል። ይህ ሁሉ አልፎ ግቢ የገባው ልጅ ነው «መሠረት የለውም» የሚባለው።

በ2000 ዓ.ም. ሰባ ሠላሳ የሚባለው ፖሊሲ መጣና ከመቶው ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተወሰነ። ሒሳብ የብዙዎች በር ሆነ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ለአምስት ተከተለ። አብሮ ማጥናት ራሱ ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ከላይ ታዝዞ፣ ሪፖርት ተጽፎለት፣ የፖለቲካ ሽታም ይዞ መምጣቱ ነው። ቅጸላን ማን አዞት ያውቃል?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ያገኘው 3.3 በመቶ ብቻ ነው፤ በ2015 ደግሞ 3.2። አገር ደነገጠ፤ ሊደነግጥም ይገባዋል። ቁጥሩ ግን ማን እንደወደቀ እንጂ እንዴት እንዳጠና አይናገርም። የእኛም ምርምር በብዛት እዚያው ይቆማል። ወንድና ሴት፣ ከተማና ገጠር ብሎ ይከፋፍላል፣ ልዩነቱን በመቶኛ ያስቀምጣል፣ መጨረሻው ላይ «ግንዛቤ ይሰጥ» ይላል። ሴቶች በዝቅተኛ የመግቢያ ነጥብ እንዲገቡ የተደረገው ደግ ነገር ነው፤ ግን «በድጋፍ የገባች» የተባለችው ልጅ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ለመጠየቅ ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልጋት በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል?

መቱ ላይ አንድ ተመራማሪ አርባ ተማሪ ይዞ ማታ ማታ ቢከተል (የሴቶቹን ዶርም ሴት ተመራማሪ ትያዘው) መጀመሪያ መጽሐፉን አይይ፤ ጆሮውን ይስጥ። ሁለት ልጆች አንድ ቀመር ላይ ሲከራከሩ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚከራከሩት? ሦስተኛው ልጅስ ለምን ዝም አለ?