ቆላ ድባና የመስክ ትምህርት
ተማሪን ወደ ሕዝብ ስለ መላክ የቀረበ አጭር ታሪካዊ ጥናት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ የማስተርስ ትምህርት በ2004 ከተጀመረ ወዲህ፣ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በተቆጣጣሪ ሥር እንዲሠራ የሚያደርገው የመስክ ልምምድ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ሥርዓት ነው ሲባል ይሰማል። ይህ አስተያየት በከፊል እውነት ነው። ሜሪ ሪችመንድ የተባለችው አሜሪካዊት ለዚህ ሞያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ያሳሰበችው በ1897 ነበር። በዚያው አገር የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት በ2008 የመስክ ትምህርትን የሞያው ዋና መለያ የማስተማሪያ ዘዴ ብሎ ሠይሞታል፤ ለማስተርስ ተማሪም ቢያንስ 900 ሰዓት ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ለዚህ የቀረበ ትምህርት ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ በቆላ ድባ፣ ቀደም ሲል ይሰጥ እንደ ነበረ ማሳየትና ከርሱ ምን እንደምንማር መጠየቅ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቆላ ድባ በደምቢያ የምትገኝ ከተማ ናት። የደምቢያ ሜዳ ለም ጥቁር አፈር ነው፤ ነገር ግን መገጭና ድርማ በክረምት የሚያወርዱት ውሃ በሜዳው ላይ ስለሚተኛ፣ ዝናሙ ሲያባራ ወባ ይነሣል። በ1953 የተነሣው ወረርሽኝ በደምቢያ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ወባ የሚበረታው አዝመራው በሚደርስበት ወራት በመሆኑ፣ ከሞት የተረፈውም ገበሬ እህሉን ሳይሰበስብ ይቀርና ለራብና ለዕዳ ይዳረጋል።

በሚከተለው ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ተባባሪነት ተቋቋመ። ኮሌጁ ያሠለጠነው በዋናነት ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ነበር። ሐኪም እጅግ ጥቂት በነበረበት አገር እነዚህ ሞያተኞች በየጤና ጣቢያው በአንድነት እንዲሠሩ ታስቦ ነበርና፣ ተማሪዎቹም ገና በትምህርት ላይ ሳሉ በአንድነት መሥራትን መልመድ ነበረባቸው። ስለዚህ ወደ ማስተማሪያ ጤና ጣቢያዎች ተላኩ፤ ከነዚህም አንዱ የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነበር። በዚያም አንዱ በሽተኛ ሲመረምር፣ ሌላዪቱ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ስትጎበኝ፣ ሦስተኛው የምንጭ ውሃና የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲመለከት፣ የአንዱ ሥራ የሌላው ማሟያ ይሆን ነበር። ይህ የቡድን ልምምድ ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ውስጥ አለ።

ተማሪን ወደ ገጠር መላክ በጎንደር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪው ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት አገሩን እንዲያገለግል አዘዘ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ በመምህርነት ሠሩ። በ1974 መጨረሻ የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን አሠማራ። ሁለቱም ተማሪውን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር አስተዋውቀዋል። ሆኖም የመጀመሪያው ዋና መልኩ አገልግሎት፣ የሁለተኛው ዓላማ አብዮቱን ማዳረስ ነበር። የቆላ ድባው ግን ትምህርት ነበር። ልዩነቱ በርቀቱ ወይም በመከራው ሳይሆን፣ ከተማሪው አጠገብ ሥራውን የሚመለከትና የሚያርም አዋቂ በመኖሩ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ለተማሪው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። እኔ የደምቢያ ልጅ ነኝ፤ በሕፃንነቴ ወረቀት የያዙ ተማሪዎች ከቤታችን ገብተው ስለ ውሃው፣ ስለ መጸዳጃውና ስለ ልጆቹ ብዛት እናቴን ጠይቀው፣ ጽፈው ሲሄዱ አይቻለሁ። ከወዴት እንደ መጡ አላወቅሁም። የእናቴ መልስ የት እንደ ደረሰ ግን ተመልሶ የነገራት ሰው አልነበረም። ተማሪ ቢሄድ፣ ኃላፊነቱን የሚረከብ ተቆጣጣሪ ከሌለ፣ ሕዝቡ ለተማሪው መማሪያ ሆኖ ይቀራል እንጂ ረዳት አያገኝም።

ሌላም ጉድለት አለ። በጎንደሩ ቡድን ውስጥ ሶሻል ወርከር አልነበረም። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1959 በአዲስ አበባ ሲከፈት በሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ከ1974 አብዮት በኋላ ግን ተዘግቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ትምህርቱ ተቋረጠ። ኪኒን ወባን ይፈውሳል፤ የታመመውን ሰው ዕዳ ግን አይከፍልም፣ ወደ መተማና ሑመራ ለቀን ሥራ ወርዶ ታሞ የተመለሰውንም ልጅ ቤተ ሰብ አያቋቁምም። ይህን የሚከታተል ሞያ በ1950ዎቹ አልተጨመረም፤ ዛሬ ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱ ይሰጣል።

ስለዚህ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች የመስክ ልምምድ በከተማ ድርጅቶች ብቻ ሳይወሰን፣ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከጤና ተማሪዎች ጋር በአንድ ቡድን ቢደረግ መልካም ይመስለኛል። ሁለት ነገሮች ግን አስቀድመው ሊሟሉ ይገባል፤ እነርሱም በሥፍራው የሚቀመጥ ተቆጣጣሪና አንዱ ተማሪ የጀመረውን ለሚቀጥለው የሚያስረክብበት መዝገብ ናቸው። እነዚህ ከሌሉ፣ የሚመጣው ተማሪ ሁሉ ያለፈውን ጥያቄ እንደገና ሲጠይቅ ይኖራል። በዚህ አስተያየት የማይስማሙ መምህራንና ጓደኞች ቢኖሩ፣ በዚሁ መጽሔት መልሳቸውን ቢሰጡበት ደስ ይለኛል።