ውላጅ ውህድ፦ መድኃኒት አዋሽ ውስጥ ምን ይሆናል?

አዲስ አበባ ላይ የተዋጠ ኪኒን ሁሉ ሰውነት ውስጥ አያልቅም። ከፊሉ እንዳለ፣ ከፊሉም ጥቂት ተለውጦ በሽንት ይወጣል። በአቃቂ ወንዞች በኩል አባ ሳሙኤል ይደርሳል፤ ከዚያም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ቆቃ ላይ ተጠራቅሞ ለአዳማ የመጠጥ ውሃ ይሰጣል፣ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፣ የኑራ ኤራንና በአርሲ ቆላ የመርቲ ጀጁን እርሻዎች እያለፈ ወደ መተሐራ ይወርዳል። ስለዚህ ጉዳዩ የመርቲ ወረዳ መቀመጫ ለሆነችው ለአቦምሳ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ የሚጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው።

በፈረንጆቹ 2022 የታተመ አንድ ጥናት በ104 አገሮች 258 ወንዞች ላይ 61 ዓይነት የመድኃኒት ውህዶችን ፈልጎ ነበር። ከአዲስ አበባ ወንዞች በተቀዳው ናሙና ውስጥ የተገኘው የመድኃኒት ድምር በአማካይ በሊትር 51 ማይክሮግራም ገደማ ሆነ። ከዚህ የሚበልጡት የፓኪስታኗ ላሆርና የቦሊቪያዋ ላፓዝ ብቻ ነበሩ። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው፤ እንደ አንድ ኪኒን መጠን ከታየ ኢምንት ነው። ቀንና ሌሊት ውሃው ውስጥ ለሚኖር ዓሣና አልጌ ግን ኢምንት አይደለም።

«መድኃኒቱ እኮ መንገድ ላይ ይፈርሳል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙው ይፈርሳል። ጥያቄው ፈርሶ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሳይንቲስቶች የዚህን መልስ «ትራንስፎርሜሽን ፕሮዳክት» ይሉታል። በአማርኛ «ውላጅ ውህድ»፣ ባጭሩም «ውላጅ» ብንለው ይስማማል፤ መነሻው መድኃኒትም «ወላጅ ውህድ» ይሆናል። «ቅሪት» የሚለው ቃል አይመጥነውም፤ ቅሪት ሳይለወጥ የተረፈ ነገር ነው። «ተዋጽኦ» ደግሞ እንደ ወተት ተዋጽኦ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ያስመስለዋል። ውላጅ ከወላጁ ይወጣል፣ ይመስለዋል፣ የራሱ ጠባይ ግን አለው።

ወንዝ ውስጥ ውላጅን የሚያስገኙት በዋናነት ፀሐይና ባክቴሪያ ናቸው። ለሕመም ማስታገሻ የምንወስደው ዳይክሎፌናክ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ክሎሪኑን ይለቅና ቅርጹን ቀይሮ ሌላ ውህድ ይሆናል። ስዊዘርላንድ ውስጥ በአንድ ሐይቅ ላይ በተደረገ ጥናት አብዛኛው ዳይክሎፌናክ የጠፋው በዚሁ መንገድ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ለዚህ ሥራ አታንስም። ሆኖም ክረምት ላይ አዋሽ ደለል ተሸክሞ ሲደፈርስ ብርሃኑ ጠልቆ አይገባም፤ ያው መድኃኒት በበጋ ከሚሄደው ርቆ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ በቤተ ሙከራ ዳይክሎፌናክ ብርሃን ላይ ውሎ ከተፈጠሩት ውላጆች አንዳንዱ ለአልጌ ከወላጁ የከፋ መርዝ ሆኖ ተገኝቷል።

የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው እንዳለ ነው። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዋኒልዩሪያ የሚባል ውላጅ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሜትፎርሚንን ብቻ የለካ ሰው «ጸድቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ውላጁ ግን ወደ ወንዙ እየወረደ ነው። የአዲስ አበባው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ ተሠርቷል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና እንዲህ ያለ ማጣሪያ የሚሠራው የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ለመቀነስ ነው፤ መድኃኒትን ለይቶ ለመልቀም አልታቀደም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ሰልፋሜቶክሳዞል ነው፤ በአገራችን በሰፊው የሚታዘዘው የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የኮትሪሞክሳዞል አንድ ክፍል። ጉበታችን አሲቲል የሚባል ቁራጭ ይቀጥልበትና ኃይሉን አሳጥቶ ይሸኘዋል። ማጣሪያና ወንዝ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች ያንን ቁራጭ መልሰው ይነቅሉታል፤ ውላጁ ተመልሶ ወላጁን ይሆናል። ከማጣሪያ የሚወጣው ውሃ ከሚገባው ይልቅ ብዙ ሰልፋሜቶክሳዞል ይዞ የሚገኝበት ጊዜ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ጀርሞች መድኃኒት መላመዳቸው በሚያሳስበን በዚህ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እምብዛም የማይፈርስም አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ካርባማዜፒን ፀሐዩንም ባክቴሪያውንም ይቋቋማል። እስራኤል ውስጥ በተጣራ ፍሳሽ የለማ አትክልት የበሉ ሰዎች ሽንት ውስጥ እሱና ውላጆቹ ተገኝተዋል፤ ጥናቱ የታተመው በፈረንጆቹ 2016 ነው። መጠኑ ለሕክምና ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ ከወንዝ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ገበታ የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑን አሳይቷል። በአዋሽ መስኖ ለሚኖር አካባቢ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ማስረጃ ነው።

በቂ ጊዜ ካለፈ ሁሉም ይፈርስ ይሆናል የሚለው ተስፋም ለአዋሽ አይሠራም። በሁለት ቀን ግማሹ የሚፈርስ መድኃኒት እንኳ በየቀኑ አዲስ ከተጨመረበት ከውሃው አይጠፋም።

ስለዚህ የአዋሽን ውሃ ለምትመረምሩ ሁሉ፣ በተለይ ለአዳማና ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች፦ በምትለኩት ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ መድኃኒት ጎን ውላጁን ጻፉ። ከቆቃ በላይና ከቆቃ በታች፣ በክረምትና በበጋ፣ እስከ መርቲ ድረስ ቅዱ። አንባቢም የተረፈውን መድኃኒት ሽንት ቤት ከመጣልዎ በፊት የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ይጠይቁ።