የመኪናው በር

ቻርሊ ቻፕሊን «ሲቲ ላይትስ»ን መቅረጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 መጨረሻ ነው። ሆሊውድ በድምፅ ፊልም ባበደበት ሰዓት እሱ ንግግር አላስገባም ብሎ ድርቅ አለ። ሙዚቃና አንዳንድ የድምፅ ማጀቢያ ብቻ ጨመረበት።

ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ማየት የተሳናት አበባ ሻጭ ቻፕሊን የሚጫወተውን ቡትቶ ለባሽ ሀብታም ነው ብላ እንዴት ታስብ? ለዚህች ትንሽ ጥያቄ ሲባል ትዕይንቱ ከ300 ጊዜ በላይ ተቀረጸ። ተዋናይቷ ቨርጂኒያ ቼሪል በመሃል ተባረረች፤ ኋላም ተመለሰች። መልሱ የመኪና በር ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ከፖሊስ ለመሸሽ በቆመ የሀብታም መኪና ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ትሰማለች። ንግግር በሌለው ፊልም፣ ፍቅሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እኛ በማንሰማው ድምፅ ላይ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ፊልሙ በጥር 1931 ሎስ አንጀለስ ሲመረቅ አልበርት አንስታይን በእንግድነት ተገኝቶ ነበር። እኔ ያየሁት ከእናቴ ጋር፣ በቪዲዮ ካሴት ነው። ሰውዬው ቦክስ የሚጋጠምበት ትዕይንት ላይ እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መጨረሻው ላይ ግን ዝም አለች። ኋላ ዓይኗ የበራላት አበባ ሻጭ ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ስትይዝ በዳበሳ ታውቀዋለች። እሱም አበባውን እንደያዘ፣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ያያታል። ፊልሙ እዚያው ያልቃል። ተጋቡ? ተለያዩ? ቻፕሊን አልነገረንም፤ ደግ አደረገ ባይ ነኝ።

እናቴ ካሴቱ ወደ ኋላ እየተጠነጠነ፣ «ታዲያ አገባችው ወይስ አላገባችውም?» አለችኝ።