ሰማያዊዎቹ ወንድማማቾችና የቀይ የደም ሕዋስ ኢንዛይም ታሪክ

በሰሜን አየርላንድ በምትገኘው የሉርጋን ከተማ በጠቅላላ ሐኪምነት ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ጄምስ ዲኒ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. ሁለት ወንድማማቾችን በሕክምና ይከታተሉ ነበር። ወንድማማቾቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የፊታቸውና የከንፈራቸው ቀለም ሰማያዊ ነው። እንዲህ ያለ መልክ ያለው ሰው ወደ ሐኪም ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ልብና ሳንባ ናቸው፤ በነዚህ ሰዎች ላይ ግን ለመልካቸው ምክንያት የሚሆን የልብም ሆነ የሳንባ ሕመም አልተገኘም። ዶክተር ዲኒ አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ፣ አዘዙላቸው። በአንደኛው ወንድም ላይ በስምንተኛው ቀን ግልጽ ለውጥ ታየ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልኩ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሆነ። ሁለተኛው አንድ ወር ያህል ፈጀበት። ውጤቱ በ1943 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ።

የወንድማማቾቹ ደም በሜትሄሞግሎቢን የተሞላ ነበር። ሄሞግሎቢን ኦክሲጅንን መሸከም የሚችለው በውስጡ ያለው ብረት በፌረስ ደረጃ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ ወደ ፌሪክ ደረጃ ከተለወጠ ኦክሲጅን መያዝ ይሳነዋል፤ የደሙም ቀለም የቸኮሌት መልክ ይይዛል። ይህ ለውጥ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ በየዕለቱ ይከሰታል። ይሁን እንጂ የጠፋውን ኤሌክትሮን የሚመልስ አሠራር ስላለ የሜትሄሞግሎቢኑ መጠን ከአጠቃላዩ ሄሞግሎቢን 1 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆያል። ኤሌክትሮኑን የሚመልሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በጊዜው መልስ አልነበረውም።

ጉዳዩ በቤልፋስት በሚገኘው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ወደነበሩት ወደ ሄንሪ ባርክሮፍትና ወደ ባልደረቦቻቸው ደረሰ። ከነዚህ አንዱ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ያልዘለለው ኩዊንቲን ጊብሰን ነበሩ። ጊብሰን የሠሩት ሥራ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የሚታወስ ነው። የጤነኛ ሰው ቀይ የደም ሕዋሳት ስኳር ወይም ላክቴት ሲቀርብላቸው ሜትሄሞግሎቢንን ወደ ጤነኛው ሄሞግሎቢን ይመልሳሉ፤ የታማሚዎቹ ሕዋሳት ግን ይህን ማድረግ ተሳናቸው። ስኳሩን ማቃጠል ሳይችሉ ቀርተው እንዳይሆን ተጣራ፤ ስኳሩን እንደ ጤነኛዎቹ ይጠቀሙበታል። ከዚህ በኋላ ጊብሰን በሕዋሳቱ ላይ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም ጨመሩ። በዚህ ጊዜ የታማሚዎቹም ሕዋሳት ሥራውን በሚገባ አከናወኑ። ቀለሙ ኤሌክትሮን የሚቀበለው ከኤን.ኤ.ዲ.ፒ.ኤች. መንገድ ነው፤ ይህ መንገድ በታማሚዎቹም ዘንድ ደህና ነበር። እንግዲያው የተጎዳው ሌላው፣ በኤን.ኤ.ዲ.ኤች. የሚሠራው የዘወትር መንገድ መሆን ነበረበት። ጊብሰን ኢንዛይሙን በእጃቸው ሳይዙ፣ ለይተውም ሳያጠሩ፣ የጎደለው በዚህ መንገድ ላይ ያለ ኢንዛይም ነው ሲሉ በ1948 ጻፉ። በዘር የሚተላለፍ አንድ ሕመም ከአንድ ኢንዛይም ጉድለት ጋር ሲያያዝ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ ምናልባትም የመጀመሪያው፣ ይኸው ነው።

ኢንዛይሙን በቀጥታ የለካው ሰው ደግሞ ከቤልፋስት እጅግ ርቆ የሚገኝ ነበር። ኢ. ኤም. ስኮት በአላስካ በነባር ሕዝቦች መካከል ተመሳሳይ ሰማያዊነት ያለባቸውን ቤተሰቦች እያጠና ሳለ፣ በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ኢንዛይሙ እንደሌለ፣ በወላጆቻቸው ደም ውስጥ ደግሞ መጠኑ መካከለኛ መሆኑን በ1960 አስታወቀ። ሕመሙ የሚከሰተው ጉድለቱ ከአባትም ከእናትም ሲወረስ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ይህን ጽሑፍ ካነበቡት አንዱ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው የደም ሐኪም ማዲሰን ኬዊን ነበሩ። ኬዊን በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች፣ ትራብልሰም ክሪክ በተባለው ወንዝ አካባቢ፣ ከፉጌት ቤተሰብ የተወለዱ ሰማያዊ ሰዎችን ሩት ፔንደርግራስ ከተባሉት ነርስ ጋር ሆነው ፈልገው አግኝተዋል። ሜቲሊን ብሉ በደም ሥር ሲሰጣቸው ሰማያዊው መልክ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ። ሰማያዊን ሰው በሰማያዊ መድኃኒት ማከም ለታማሚዎቹ እንግዳ ነገር ሆኖ ቢታያቸው አይገርምም። ጥናቱ የታተመው በ1964 ነው።

ኢንዛይሙ ዛሬ ሳይቶክሮም ቢ5 ሪደክቴዝ ይባላል። በ1971 ሃልትኲስትና ፓሰን፣ ይህ ኢንዛይም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሮኑን በሳይቶክሮም ቢ5 በኩል ለሜትሄሞግሎቢን እንደሚያቀብል አሳዩ። የሚያስገርመው የፕሮቲኑ ሁለት ገጽታ ነው። በሌሎቹ የሰውነት ሕዋሳት በማይቶኮንድሪያ የውጭ ሽፋንና በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ ተተክሎ ይኖራል፤ በቅባት አሲድና በኮሌስትሮል ግንባታ ይሳተፋል። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ማይቶኮንድሪያ የለውም። በዚያ የሚገኘው ፕሮቲን መትከያ ጫፉ የሌለው፣ 275 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ ዓይነት ነው። በማይቶኮንድሪያ ላይ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ የተቃጠለን ቫይታሚን ሲ መልሶ ማደስ መሆኑ ሲታሰብ፣ ዶክተር ዲኒ ያዘዙት መድኃኒት ሳያውቁት ወደዚሁ ፕሮቲን ጎረቤት የቀረበ ነበር።

ይህ ልዩነት ለታማሚው ትልቅ ትርጉም አለው። ጉድለቱ በቀይ የደም ሕዋስ ብቻ ሲወሰን፣ እንደ ሉርጋን ወንድማማቾች፣ ሰውየው መልኩ ሰማያዊ ሆኖ ረዥም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። በ1975 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ግን ጉድለቱ በመላው ሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን ሕፃናቱ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ጉዳት ይደርስባቸዋል፤ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ይሞታሉ። ሜቲሊን ብሉም ሆነ ቫይታሚን ሲ የእነዚህን ሕፃናት የቆዳ ቀለም ያስተካክላል፤ የአንጎላቸውን ጉዳት ግን አይመልስም።

ኢንዛይሙን ከአንድ ወላጅ ብቻ በጉድለት የወረሰ ሰው በዘወትር ኑሮው አንዳች ችግር አይታይበትም። መድኃኒት ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። በ1968 ከቬትናም የተዘገበው ይህ ነው፤ ክሎሮኪን፣ ፕሪማኪንና ዳፕሶን ለወባ መከላከያ የተሰጣቸው፣ ከፊል ጉድለት ያለባቸው የአሜሪካ ወታደሮች ከንፈራቸው ጠቁሮ ተገኘ። ፕሪማኪን ለቫይቫክስ ወባ፣ ዳፕሶን ለሥጋ ደዌ በአገራችን የሚታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃንም ኢንዛይሙ ከአዋቂው ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ ናይትሬት የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ይጎዳዋል፤ ሐንተር ኮምሊ ይህን ከአሜሪካዋ አይዋ ግዛት የዘገቡት በ1945 ነበር።

በጥቁር ቆዳ ላይ ሰማያዊነቱ በቀላሉ ስለማይታይ ምላስን፣ የከንፈርን ውስጥና የጥፍርን ሥር ማየት ያስፈልጋል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ የሜትሄሞግሎቢኑ መጠን ሲበዛ 85 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ኦክሲጅን ቢሰጥም እምብዛም አይነቃነቅም። የተቀዳው ደም በነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ጠብ ተደርጎ አየር ሲያገኘው ካልቀላ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ለከባድ ሕመም ሜቲሊን ብሉ በኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል። ሆኖም መድኃኒቱ የሚሠራው ጊብሰን ባሳዩት በሁለተኛው መንገድ ስለሆነና ይህም መንገድ የጂ6ፒዲ ኢንዛይምን ስለሚጠይቅ፣ ጂ6ፒዲ ለጎደለው ታማሚ ሲሰጥ አያሽለውም፤ ይልቁንም ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊያፈርስ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ታማሚ ዶክተር ዲኒ ያዘዙት ቫይታሚን ሲ፣ ምንም እንኳ ሥራው አዝጋሚ ቢሆን፣ እስከ ዛሬ አማራጭ ሆኖ ቆይቷል።