«አሲዲፊኬሽን»፣ ዛጎልና ርጋፊ፦ ስለ ሦስት የባሕር ሳይንስ ስያሜዎች

«ኦሽን አሲዲፊኬሽን» የሚለው ስያሜ በሊቃውንት ዘንድ የተስፋፋው ካልዴይራና ዊኬት እ.ኤ.አ. በ2003 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ካወጡት አጭር ጽሑፍ ወዲህ ነው። በአማርኛ «ባሕሩ አሲድ ሆነ» ተብሎ ሲተረጐም አይተናል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የዴንማርኩ ኬሚስት ሶሬንሰን በ1909 ባወጣው የፒኤች መለኪያ መሠረት አሲድ የሚባለው ከ7 በታች ያለው ነው። የባሕር ገጽ ውሃ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 8.2 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 8.1 ወርዷል። መለኪያው ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ ይህች ኢምንት የምትመስል ልዩነት የሃይድሮጅን አዮኑን ክምችት ከሩብ በላይ አሳድጋዋለች። ቢሆንም ባሕሩ ዛሬም ቤዝ እንጂ አሲድ አይደለም። ስለዚህ «ወደ አሲድነት ማዘንበል» ቢባል ይሻላል እንላለን።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በኦሪገን ጠረፍ በሚገኘው በዊስኪ ክሪክ የኦይስተር ማራቢያ ጣቢያ ከ2007 ጀምሮ እጮቹ በብዛት አለቁ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ባክቴሪያ ነበር። በ2012 የታተመ ጥናት ግን ከጥልቁ ባሕር የሚወጣውን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበትን ውሃ ከእጮቹ ጥፋት ጋር አያያዘ። በዚህ ውሃ የካርቦኔት አዮን ስለሚያንስ፣ ከአራጎናይት የሚሠራውን የመጀመሪያ ዛጎል መገንባት ለእጩ እጅግ ይከብደዋል። ሠራተኞቹ ውሃውን በሶዲየም ካርቦኔት እያከሙ ምርታቸውን መለሱ። «አሲድ ሆነ» የሚለውን ትርጕም ያነበበ ሰው ግን 7ን ያልተሻገረ ውሃ እንዴት ሊገድል ቻለ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የእንግሊዝኛውን «ሼልፊሽ» ቃል በቃል «የዛጎል ዓሣ» ማለትም አይገባም፤ ኦይስተር ዓሣ አይደለምና። «ዛጎላም እንስሳት» በቂ ነው።

የሚያስቸግረው «ኢንቫይሮንሜንታል ዲኤንኤ» ነው። «የአካባቢ ዲኤንኤ» ቢባል ዲኤንኤው የአካባቢው ይመስላል፤ በእውነቱ ከእንስሳት ገላ ተራግፎ በውሃው ውስጥ የሚገኝ ነው። አንዳንዶች «አሻራ» ብለውታል። አሻራ ግን ጸንቶ የሚቆይ ነገር ያስመስለዋል፤ ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ይፈራርሳል። ውሃው ሲሞቅ ረቂቅ ሕዋሳትና ኢንዛይሞች ስለሚበረቱ መፍረሱ ይፋጠናል፤ የፒኤች መውረድም ሊያግዘው ይችላል። ስለዚህ በሞቀ ውሃ ዲኤንኤው ቢታጣ፣ ዛጎላሞቹ የሉም ብሎ ወዲያው መፍረድ አይቻልም። «ርጋፊ ዲኤንኤ» የሚለውን ስያሜ የምናቀርበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃሉ መርገፉንም ከንቶ መቅረቱንም አብሮ ይይዛል።