ጆንስ ሆፕኪንስን የቀረጹ ሴቶች

በባልቲሞር፣ አሜሪካ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ታላላቅ ወንድ ሐኪሞቹ ናቸው። በእኔ እምነት ግን ታሪኩ መጀመር ያለበት ከሴቶቹ ነው።

ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1889 ሥራ ሲጀምር የነርሶች ትምህርት ቤቱም በኢዛቤል ሃምፕተን መሪነት በዚያው ዓመት ተከፈተ። ተማሪያቸው አደላይድ ነቲንግ ኋላ ኃላፊነቱን ተረክበው ሥልጠናውን ወደ ሦስት ዓመት አሳደጉት።

የሐኪሞቹ ትምህርት ቤት ግን በገንዘብ እጥረት ዘገየ። በ1890 ወ/ሪት ሜሪ ጋሬት፣ ወ/ሪት ኬሪ ቶማስና ጓደኞቻቸው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። የጎደለውን 306,977 ዶላር ጋሬት ከራሳቸው ሰጡ። ስጦታው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ሴቶች ከወንዶች እኩል ይግቡ፤ አመልካች ሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ይኑረው።

በ1893 ከገቡት 18 ተማሪዎች 3ቱ ሴቶች ነበሩ። በ1900 የተመረቁት ፍሎረንስ ሳቢን በ1917 የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያለ ዲግሪ ይቀበሉ ነበር። ሴቶቹ ለራሳቸው በር ሲያስከፍቱ፣ የወንዶቹንም መግቢያ ደረጃ ከፍ አደረጉት።